ሚስተር ሳትክሊፍ የቆለፉት በር

ሰው አምፖል ሊገዛ ወጥቶ ሙግት ይዞ ሊመለስ እንደሚችል ያወቅሁት ባለፈው መጋቢት፣ በብራድፎርድ ከተማ፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ ሲያካፋ በዋለበት አንድ ረቡዕ ነው። የጸሎት ቤታችንን ኦርጋን የምጫወተው እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከኦርጋኑ በላይ ያለው አምፖል ስለተቃጠለብኝ ወደ ብረታ ብረት ሱቁ ጎራ ስል፣ ሚስተር ኤኖክ ሳትክሊፍ ባንኮኒው ፊት ቆመው አንድ ትልቅ ጓጉንቸር በእጃቸው ሲመዝኑ አገኘኋቸው። ለወህኒ ቤት የተሠራ ነበር የሚመስለው።

ሚስተር ሳትክሊፍን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። የሱፍ ፋብሪካው ሳይዘጋ የሽመና ክፍሉ አለቃ ነበሩ፤ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ የሜቶዲስት ጸሎት ቤታችን ሽማግሌና ቁልፍ ያዥ ሆነው ቀሩ። እሑድ ጠዋት ይከፍታሉ፣ እሑድ ቀትር ላይ ይቆልፋሉ። ቅን ሰው ናቸው፤ ግን አንዴ ልክ ነው ያሉትን ነገር በሬ ጠምደው ቢጎትቷቸውም አይለቁም።

«ይሄ ሁሉ ብረት ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለልጅ ልጄ» አሉ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጃቸው ሮዊና ፋርማሲስት ናት። እሷና ጓደኞቿ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ባዶውን የቀረውን የሰባኪ ቤት ተከራይተው የአንድነት ኑሮ ጀመሩ። ጠዋትና ማታ አብረው ይጸልያሉ፤ የሚያገኙትን በአንድ ቋት ያደርጋሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩን ሰው ምሳ ያበላሉ። ራሳቸውን እንዲህ ብለው ባይጠሩም ሰው የከተማ መነኮሳት ይላቸዋል። ከገና ወዲህ ቀትር ላይ በጸሎት ቤቱ ውስጥ እንዲጸልዩ ለሙከራ ተፈቅዶላቸዋል። አሁን ደግሞ በሩ በየቀኑ ለሰው ሁሉ ክፍት ሆኖ ይዋልልን ብለዋል። ጉባኤያችን ነገሩን ለሚስተር ሳትክሊፍ ትቶታል፤ ቃላቸውን የሚሰጡት በመጪው እሑድ ነው። እምቢ ካሉ ወጣቶቹ ሃል ከተማ የሚቀበላቸው ሌላ ጸሎት ቤት አግኝተዋል። ሽማግሌው ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ሌላ በቅርብ ዘመድ የላቸውም።

ልጅቱም እንደ ተጠራች ሁሉ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ተሸክማ ደረሰች። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ሦስታችንም እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆየን። ጓጉንቸሩን አየችው።

«አባባ፣ ይሄን የሚገዙት ለእኛ ነው?»

«ለሌባ ነው። እናንተ ጸልያችሁ ስትወጡ እኔ እየመጣሁ እቆልፋለሁ። እሑድም የምለውን ታውቂዋለሽ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን አስተማሪ የነበረ ሰው ክርክር ሲሸተው አፉ አይያዝለትም፤ ሁለቱም ሐሳባቸውን በተራ ቢናገሩ ጥሩ ነው አልኩ። ሚስተር ሳትክሊፍ በዓይናቸው ገረፉኝና ጀመሩ።

«እኔ የማውቀው መነኩሴ ከተማ ጠልቶ የሚሸሽ ነው። ስልክ በኪሱ ይዞ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ መነኩሴ ማን አየ? ደግሞ እኛ ሜቶዲስቶች ነን። አባቶቻችን ሲዘምሩ የጣሪያው ልስን ይረግፍ ነበር። እናንተ ወንበር በክብ ደርድራችሁ፣ አንድ ሻማ አብርታችሁ ዝም ትላላችሁ። ሰባኪ የለ፣ ኦርጋን የለ።»

የመጨረሻዋን ሲናገሩ ወደ እኔ ዞር አሉ። በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ፤ በኦርጋኑ ነገር እኔም ልጆቹን ተቀይሜያቸው ነበርና።

ሮዊና ሽንኩርቷን መሬት አስቀመጠች። «የድሮዎቹ መነኮሳት በረሃ የወረዱት ሰው የሌለበት ቦታ ፈልገው ነው፣ አባባ። ዛሬ ሰው የሌለበት ቦታ የኛ መንገድ አይደለም? በየቤቱ መብራት አለ፣ ግን ማንም ማንንም አያውቅም። ወይዘሮ ዶሪንን ከእርስዎ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ ቤታቸው የገቡት መቼ ነው?»

«የባሏ ቀብር ቀን።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ሰው አላስቸግርም። እሷም አታስቸግረኝም። መከባበር ማለት ይሄ ነው።»

በዚህ አነጋገር የሚስቅ አንባቢ ቢኖር የኛን ሰፈር አያውቅም። እኛ ጎረቤታችንን የምናከብረው ባለመጠየቅ ነው። ሰው ቢታመም መጋረጃው አለመከፈቱን እናያለን፤ እናዝናለን፤ ግን ገብቶ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ልማዱ ከመልካም ልብ የመጣ መሆኑን አልክድም። ከመልካም ልብ የመጣ ልማድ ደግሞ ለመንቀል ይብስ ያስቸግራል።

ሚስተር ሳትክሊፍ ግን አልጨረሱም። ለንደን ትልቅ ሥራ ጠርቶሽ እምቢ አልሽ፣ ያን ሁሉ ትምህርት የተማርሽው ከሰው ጋር ድስት ለመጋራት ነው ወይ፣ አግብተሽስ ቤት አትሠሪም ወይ እያሉ ወቀሷት። እሷም በትዕግሥት መለሰች። ማግባት እንዳልተከለከለ፣ ከመካከላቸው ባልና ሚስት እንዳሉ፣ ቃል የሚገቡትም ለአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ዓመቱ ሲሞላ እንደገና እንደሚጠየቁ አስረዳቻቸው።

«አብሮ መጸለይ፣ አብሮ መብላት፣ ያለንን መካፈል፣ ከዚህ መንገድ አለመሄድ፤ ቃላችን ይኸው ነው» አለች። «ለእኔ የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው። ግን እዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ዕድል ቢያገኝ የሚሄድ ነው። የሚቀር ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ ቀርቼ የለም እንዴ?»

«ቀርተዋል፣ አባባ። ግን ቆልፈው ነው የቀሩት።»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ጊዜ በሩ ሳይቆለፍ አድሮ የግድግዳው ሰዓት መሰረቁን አስታወሷት፤ ሰዓቱን ለጸሎት ቤቱ የሰጡት ሟች ሚስታቸው ነበሩ።

«አሁንም ሊሰረቅ ይችላል» አለች ሮዊና። «አይሰረቅም ብዬ አልዋሽዎትም። እሑድ እምቢ ካሉ ግን እንሄዳለን። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከረጢቷን ተሸክማ በዝናቡ ውስጥ ሄደች። ሚስተር ሳትክሊፍም የጓጉንቸሩን ሒሳብ ከፈሉ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ ቤቴ መጥተው አንኳኩ። እንግዳ ነገር ነበር፤ እሳቸው ሳይጠሩ አይመጡምና። ወተት ያለው ሻይ ቀዳሁላቸው። ጓጉንቸሩን ገና መቆለፋቸው ነበር፤ ደስ ብሏቸዋል። በሩ ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው ቢያዳምጡ ምንም ድምፅ የለም። ወጣቶቹ ጨርሰው ሄደዋል ብለው ከውጭ ቆልፈው መጡ።

«አንድ ነገር ሰምተው ነበር?» አልኳቸው ጠርጥሬ።

«ምንም። በጸሎት ቤት ሰው ካለ ይሰማል፣ መምህር።»

መዝሙር ሲሰሙ ላደጉ ሜቶዲስት፣ ዝም ያለ ጸሎት ቤት ባዶ ቤት ነው። ልጆቹ ግን ዝም ብለው እንደሚጸልዩ ትናንት ራሳቸው የተናገሩት ነገር ነበር። የጸሎት ቤቱ የጓሮ በር ከብዙ ጊዜ በፊት በጡብ መደፈኑንም አስታወስሁ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እሳቸው በመስኮቴ በኩል ወደ ጸሎት ቤቱ እያዩ ነበር።

በሩ ፊት ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ያየነው ሚስተር ያቁብን ነው፤ ታክሲውን ጥግ አቁሞ፣ ሚስቱ የጠበሰችውን ሳምቡሳ በትሪ ሸፍኖ ይዟል። ቀጥሎ አንዲት እናት ሕፃን በጋሪ እየገፋች መጣች። ከዚያ ወይዘሮ ዶሪን መደገፊያ ብረታቸውን እየገፉ ደረሱ። ሌሎችም ተከታተሉ። በሩን ገፉት፤ አልከፈት አለ። ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ግን ማንም አልሄደም።

«ምን ፈልገው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሐሙስ አይደል? ምሳ ነዋ።»

«ምሳው እኮ ልጆቹ ቤት ነው።»

«ቤቱ ስለጠበባቸው ወደ ጸሎት ቤቱ አዛውረውታል። ሰው በዝቶባቸው ነው።»

ሚስተር ሳትክሊፍ አሁን ይበተናሉ፣ አሁን ይበተናሉ እያሉ ጠበቁ። አልተበተኑም። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብድግ አሉ፤ እኔም ኮቴን ደርቤ ተከተልኳቸው። ሰዉ ሲያያቸው መንገድ ለቀቀላቸው። ወይዘሮ ዶሪን ከመደገፊያቸው ቀና አሉ።

«ኤኖክ፣ ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው አሉ። ክፈትልን እንጂ፤ እግሬ አለቀ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ። ለምን እንደዘገዩ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ከፈቱ።

ወጣቶቹ በሻማው ዙሪያ ቁጭ እንዳሉ ነበሩ። ሮዊና ዞር አለችና በጣቷ ትንሽ ቆዩ የሚል ምልክት ሰጠችን፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አሜን ብለው ተነሡ። አያቷ ደንግጠው ቆልፌብሽ መሄዴን አልሰማሽም ወይ ሲሏት፣ ሰምቻለሁ አለች።

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም?»

«ጸሎቱ አላለቀም ነበር። ስልካችንን ደግሞ ለጸሎት ስንገባ ቤት ነው የምንተወው። ምን ላድርግ? ያስታውሱን ይሆናል አልኩ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሚስተር ሳትክሊፍም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ረጅሙ ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ ሾርባው ወጣ፣ ሳምቡሳው ዞረ። ሽማግሌውን ወይዘሮ ዶሪን አጠገብ አስቀመጧቸው። የሁለቱ ጨዋታ በቴሌቪዥን ጀመረ፤ አንዳቸው የሌላውን ፕሮግራም በግድግዳው በኩል ሲያዳምጡ ኖረው በቃላቸው ያውቁታል።

«እሱማ ግድግዳው ስስ ነው» አሉ ወይዘሮ ዶሪን እየሳቁ። «ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቄ ስደበድበው ግን አልሰማኸኝም።»

ሚስተር ሳትክሊፍ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሰምቼሻለሁ» አሉ። «ሥዕል የምትሰቅዪ መስሎኝ ነበር። ስታንኳኪ እንደምሰማ አውቀሽ እንዳታፍሪ ብዬ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግሁት።»

ወይዘሮ ዶሪን ማን እንዳነሣቸው የነገሩን ቀስ ብለው ነው። ሮዊና መድኃኒታቸውን ልታደርስ መጥታ ብታንኳኳ የሚከፍትላት አጣች፤ አላስቸግር ብላ ግን አልሄደችም። በጓሮ ዞራ ገብታ አገኘቻቸው። ሚስተር ሳትክሊፍ ይህን ሲሰሙ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። እኔም አፈርኩ፤ ምክንያቱም የእኔም መስኮት ወደዚያው መንገድ ነው የሚያየው።

«ዶሪን፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

«ሾርባህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አሏቸው።

ሾርባቸውን ጠጡ። ከዚያ ጓጉንቸሩን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ቁልፍ ስይዝ ሰው የሚጠይቀኝ ‹ቆልፈሃል ወይ?› ብሎ ነው» አሉ። «ክፈትልን ያለኝ ሰው የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ሮዊና፣ እሑድን አትጠብቂ። መልሴን ዛሬ ሰጥቻለሁ።»

ልጅቱ ተነሥታ አንገታቸውን አቀፈቻቸው። እሳቸውም ሰው ፊት መታቀፍ ባይወዱም አልከለከሏትም።

ባለሱቁ ጓጉንቸሩን መልሶ ገንዘብ አልሰጥም ስላላቸው በሌላ ዕቃ ለወጡት፤ በሩን ከግድግዳው ጋር ይዞ የሚያቆይ የብረት መንጠቆ ነው የወሰዱት። ቅዳሜ ራሳቸው ገጠሙት። እሑድ ሮዊና የአንድ ዓመት ቃሏን ስትሰጥ አያቷ ከጎኗ ቆመው ነበር። ነፋሱ ይገባል፣ መንጠቆው ግን ያዘ። ወይዘሮ ዶሪን በረደኝ ሲሉ ሚስተር ሳትክሊፍ ኮትሽን ልበሺ አሏቸው። እኔም በመጨረሻው መዝሙር ኦርጋኔን ተጫወትሁ፤ ልጆቹ ቀድመው ለምነውኝ ነበርና ቅያሜዬ በዚያው ቀረ።

እነሆ አሁን በሩ በየቀኑ ይከፈታል። ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው ገብቶ ጥቂት ይቀመጣል፤ ሚስተር ያቁብ በሥራው መካከል አረፍ ይላል፤ መድኃኒት የተምታታበት ሰው ሮዊናን ይጠይቃል። አንድ የአበባ ማስቀመጫ ጠፍቶብናል፤ ይህን አልደብቅም። ግን እሑድ እሑድ አንድ አግዳሚ የማንሞላ የነበርን ሰዎች አሁን ወንበር እንጨምራለን። ይህን ሳይ፣ ገዳም ሁሉ ተራራ ላይ መሆን የለበትም፤ ሳይሄዱ የሚቀሩ ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ድስትና አንድ ያልተቆለፈ በር ካሉ በከተማ መካከልም ይሆናል እላለሁ።

ሚስተር ሳትክሊፍ ደግሞ የራሳቸውን አንድ ሥርዓት ጨምረዋል። በየጠዋቱ ቴሌቪዥናቸውን ሳይከፍቱ ግድግዳውን ያንኳኳሉ፤ ወይዘሮ ዶሪንም ከወዲያ ማዶ መልሰው ያንኳኳሉ። ባለፈው ማክሰኞ መልሱ እንደ ልማዱ አልመጣም፤ የተሰማው ያልተለመደ ድብደባ ነበር። ሽማግሌው ኮት ሳይደርቡ፣ ጫማቸውን ሳያስሩ ሮጠው በጓሮ በር ገቡ። ወይዘሮ ዶሪን በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው ምስማር ይዘው ግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ የእውነት ሥዕል እየሰቀሉ ኖሯል።

«አምጪው» አሉ ሚስተር ሳትክሊፍ መዶሻውን ተቀብለው። ሰቀሉላቸውና ለቁርስ ቀሩ።