ፍራሼና የእትዬ የሺ በርሜል

ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው አልጋ ላይ ይሸናል? እኔ ሸናሁ። ያውም በተከታታይ! ደብረ ማርቆስ በተከራየሁበት ግቢ ጠዋት ጠዋት ፍራሼን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ አከራዬ እትዬ የሺ፣ «ምን ሆነህ ነው አንተ?» አሉኝ። «ትኋን አስቸገረኝ» ብዬ እርፍ! ትኋን ሲባል እሳት የሚጎርሱት ሴትዮ ቅዳሜ ጠዋት በርሜል ሙሉ ውሃ አፈሉና የተከራዩን ፍራሽ ሁሉ አስወጡ። ጎረቤቶቼ በእኔ ጦስ ብርድ ላይ ቆመው ሲያፈጡብኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፍራሼን በአንድ ወገን የያዙልኝ ጎረቤቴ፣ ሾፌሩ ጋሽ ሞላ፣ እድፉን አየት አደረጉና ጠጋ ብለው፣ «ስማ፣ ውሃ ውሃ ይልሃል?» አሉኝ።

«ቀኑን ሙሉ!» አልኳቸው።

«የኔም ትኋን እንዲሁ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ምን ያሳፍራል? ሂድና ተመርመር።»

ሰኞ ተመረመርኩ፤ ስኳሬ ጣራ ነክቷል። ሐኪሙ፣ «ሽንትህን ያበዛው እሱ ነው፤ እንኳን በጊዜ መጣህ» ብሎ መድኃኒት ጀመረልኝ። ውሎ አድሮ ፍራሼ ደረቀ። እትዬ የሺ ግን፣ «የፈላ ውሃዬ እኮ አንድ አያስቀርም!» እያሉ እስከ ዛሬ ይኮራሉ። እኔና ጋሽ ሞላም ተያይተን፣ «እግዜር ይስጥልን» እንላለን።

ትናንት ታዲያ አዲሱ ተከራይ ፍራሹን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። እትዬ የሺ በርሜላቸውን ሳይጥዱ ሮጬ ደረስኩና በአንድ ወገን ያዝኩለት።

«ስማ» አልኩት፣ «ውሃ ውሃ ይልሃል?»