ከመጨረሻው ወንበር የተሰማ ቫዮሊን

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን በኦርኬስትራውም ሆነ በተማሪዎቻቸው ዘንድ የሚታወቁት «ጋሽ ዝግታ» በሚለው ቅጽል ነውና እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን፤ ስሙን ያተረፉትም የሚጣደፈውን ተማሪ ሁሉ «ዝግ በል፣ ማን አባረረህ?» እያሉ በማስቆማቸው ነው። ይህን የሚያነብላችሁ የአክስታቸው ልጅ፣ ታናሽ እህታቸውን «እሷ» እያለ ቢጠራ አዝሎ ስላሳደጋት እንጂ ዝናዋን ዘንግቶ አይደለምና ይቅር ትበለው።

ጋሽ ዝግታ ከሙዚቃ መምህር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ያደጉት ከልብስ ስፌት ሱቁ በስተጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የስፌት መኪናው ሲንኳኳ በሌላው በኩል የአባታቸው ተማሪዎች ቫዮሊን ሲያስጮሁ፣ ጸጥታ የሚባለውን ነገር የሚያውቁት በእንቅልፍ ብቻ እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ትምህርታቸውን አባታቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት በማዕረግ ተመረቁ፤ በሃያ አራት ዓመታቸውም የከተማው ኦርኬስትራ ተቀብሏቸው «አንደኛ ቫዮሊን» ከሚባለው ምድብ ተጫዋቾች መካከል የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያው ወንበር ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግለዋል።

በስምንት ዓመት የምታንሳቸውን እህታቸውን ቫዮሊን አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን በራቸው ላይ ቆማ ታዳምጣቸውና «ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ጋ ክሩን አንቀውታል፤ ትንሽ ይተንፍስ» ማለት ጀመረች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዲሉ፣ ጋሽ ዝግታ ለጊዜው ስቀው ቢያልፏትም ብቻቸውን ሲሆኑ እንዳለችው አድርገው ይሞክሩት ነበር። እሷም ከዓመት ዓመት እየላቀች ሄዳ፣ በየአዳራሹ እየተጋበዘች ከኦርኬስትራ ፊት ብቻዋን ቆማ የምትጫወት፣ ስመ ጥር ባለሙያ ለመሆን በቃች።

ጋሽ ዝግታ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው አረፉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱበትንና ከአያታቸው የወረሱትን ቫዮሊንም ለበኩሩ ሳይሆን ለታናሺቱ ተናዘዙ። ይህን ጋሽ ዝግታ ሊውጡት አልቻሉም፤ «ያ ቫዮሊን በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ወንበር ላይ ባልቀረሁ ነበር» ማለታቸውን የሰማነው አንድ ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ ነው። ከእህታቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ኖሩ። በእንዲህ ያለ ቀን ክፉውን መዝለል የተለመደ ቢሆንም፣ ይህንን እንዳንዘለው ያዘዙን ራሳቸው ናቸው።

በሠላሳ ዓመታቸው የኦርኬስትራውን ልብስ ይተኩሱና ቁልፍ ይተክሉ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ለትውውቃቸው ምክንያት የሆነው ጋሽ ዝግታ በየሳምንቱ የኮታቸውን ቁልፍ እየበጠሱ መምጣታቸው ሲሆን፣ ባልየው የልብስ ሰፊ ልጅ መሆናቸውንና መርፌ አሳምረው መያዛቸውን ባለቤታቸው ያወቁት ከተጋቡ በኋላ ነበር። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። እኚህ ባለቤታቸው ስለ እህትየዋ በጋዜጣ የወጣውን ሁሉ እየቆረጡ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ ኧረ ደውልላት!» እያሉም ይወተውቷቸው ነበር። እሳቸው ግን አልደወሉም።

ሠላሳ ሰባት ዓመት በሆናቸው ጊዜ ኦርኬስትራው እህታቸውን ጋበዘ። በልምምዱ ላይ ሁለቱ ራስ ነቅንቀው ተላለፉ። የዝግጅቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እሷ የአባታቸውን ቫዮሊን ይዛ የሙዚቃውን የመጀመሪያ ክፍል ስታጋምስ ቀጭኑ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ለዚህ የኦርኬስትራ ደንብ አለው፤ ሙዚቃው ሳይቆም ብቻዋን ቆማ የምትጫወተው የፊተኛውን ወንበር ቫዮሊን ትቀበላለች፣ የፊተኛው ከኋላው ካለው ይወስዳል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ክሩ የተበጠሰው ቫዮሊን መጨረሻው ወንበር ላይ ይደርሳል፤ የዚያ ወንበር ባለቤትም ወጥቶ አዲስ ክር አስሮ፣ ቃኝቶ፣ ክፍሉ ሲያልቅ በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። ዘጠኝ ዓመት ያጣላቸው ቫዮሊን በዚህ ሁኔታ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ጋሽ ዝግታ ጭን ላይ አረፈ።

ጋሽ ዝግታ ግን አልተነሡም። በዚያ ወንበር ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ሲቀመጡ ሁልጊዜ የራሳቸውን ኖታ ይከተሉ ስለነበር፣ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ሲያዳምጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። እህታቸው የያዘችው የፊተኛው ወንበር ቫዮሊን፣ ባለቤቱ ሳይቀር ሲያማርረው የሚሰሙት ተራ የፋብሪካ ሥራ እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፣ ያን ቀን ግን አደመቀ። ከፍተኛዋን ድምፅ ሳትጫን፣ ሳታንቅ፣ ደጋኑ አቅጣጫ መቀየሩ እንኳ ሳይታወቅ ዘርግታ ስትይዛት ከኋላ ያሉት ነጋሪት መቺ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዝቅ ወዳለው ድምፅ ስትወርድ ደግሞ ያ ተራ እንጨት እንደ ትልቅ ሰው ደረት አስተጋባ። ጋሽ ዝግታ የሰሙት ቫዮሊኑን ሳይሆን እህታቸውን ነበር፤ የአባታቸው ቫዮሊን ድምፁን ዘግቶ እሳቸው ጭን ላይ ተኝቷልና።

ክፍሉ አልቆ እህታቸው ወደ ኋላ ዞር ስትል፣ ታላቅ ወንድሟን ክሩ ያልታሰረ ቫዮሊን ታቅፈው እንባቸው ሲወርድ አየቻቸው። የኦርኬስትራው መሪ ሲያፈጡባቸው እሷ ፈገግ አለችና በተዋሰችው ቫዮሊን እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ከመድረክ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ጋሽ ዝግታ ክሩን አስረው ቃኝተው ሲመልሱላት «ለካ እንጨቱ አልነበረም፣ አንቺ ነሽ፤ ይቅር በይኝ» አሏት፤ እሷም አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ «ክሩንስ ቢሆን ያን ያህል ጊዜ ይረሱታል?» ብላ አሳቀቻቸው። ደንብ በመጣሳቸው የደረሳቸውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በፍሬም አሠርተው ከዲፕሎማቸው ጎን ሰቀሉት፤ እንግዳ ሲመጣም አስቀድመው የሚያሳዩት እሱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ወንበር እንዲዛወሩ ሁለት ጊዜ ቢጠየቁም «ወንበሬ ይመቸኛል» ብለው እምቢ አሉ፤ ይህን ያሉት ከኩራት እንጂ ከቅሬታ እንዳልነበረ ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። በሥልሳ ሁለት ዓመታቸው ግራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ጡረታ ወጥተው በቤታቸው ሲያስተምሩ ቆዩ። ባለፈው ዓመት ልባቸው ሲደክም እህታቸው ጓዟን ጠቅልላ መጥታ ከሰዓት በኋላ ከአልጋቸው አጠገብ ትጫወትላቸው ነበር፤ ስታጠፋ የሚያርሟት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ለዚሁ ስትል እያወቀች የምታጠፋ እስኪመስለን ድረስ ያርሟት ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ።

ጋሽ ዝግታ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውን፣ እኛን የአክስትና የአጎት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ቁጥራቸውን እሳቸውም ያልያዙትን ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ማደሪያው ይቀበል፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።

በመጨረሻም ብዙዎቻችሁ ዛሬ እህታቸው ለምን እንዳልተጫወተች ስትጠያየቁ ሰምተናል። ጋሽ ዝግታ የተዉት ኑዛዜ አንድ ብቻ ነው፤ በባለቤታቸው እጅ አስጽፈውታል፤ እንዲህ ይላል፦ «እህቴ በሰው ሁሉ ቀብር ላይ ስትጫወት ኖራለች። አባታችን ሲቀበር እንኳ ተጫወቺ ተብላ ሳታለቅስ ቀርታለች። የእኔ ቀን ቫዮሊኑን ማንም እንዳይሰጣት። እንደ ሰው ቁጭ ብላ ታልቅስልኝ።»