የግንቡ ትንፋሽ

«ግንቡ» የሚባሉት አንጋፋ ዕቃ ተሸካሚ ቁም ሳጥኔን ወደ አራተኛ ፎቅ ሲያወጡ፣ እኔ የተማርኩት ሰውዬ መብራት ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ። ከላይ እሳቸው፣ ከታች የልጃቸው ባል ይዘውታል። በእነሱ ሙያ ደረጃ መሀል ማረፍ ነውር ነው፤ አፍ ከፍቶ ማለክለክማ ውርደት። ግንቡም ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣሉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሊደርሱ ሲሉ እጃቸው ከዳቸው። ሳጥኑ ተንሸራቶ የአማቻቸውን ጣቶች ከግድግዳው ጋር ላጠው።

«አያያዝ አታውቅም! ያኔም እግርህ የተሰበረው በዚሁ ነው! ስንቴ ልንገርህ?» ብለው ጮኹበት።

ልጁ እንደምንም ሳጥኑን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሳረፈና ደሙን ሊታጠብ ወረደ።

ወዲያው አንዲት ወጣት ከላይ ስትወርድ አገኘችን። የእህታቸው ልጅ ናት፤ በስፖርት ሕክምና ቤት የሯጮችን አቅም ትለካለች። ለካስ የምትኖረው እዚሁ ሕንፃ ኖሯል።

«ጋሼ! ምን ሆነዋል?»

«ምንም። የግድግዳውን ቀለም እያየሁ ነው።»

«ቀለም ሲያዩ ነው እንዲህ የሚያልብዎት?»

ግንቡ አንገታቸውን ደፉ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያፍር ማየት ራሱ ያሳፍራል፤ እኔም የማይበት አጣሁ።

«ጉልበቴ እኮ አልቀነሰም ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ፍሪጅ ብቻዬን አነሳለሁ። ታዲያ ይሄ ትንፋሽ ምን ነካው?»

«ማንሳትና መዝለቅ ይለያያሉ ጋሼ። እኛ ዘንድ ሰው ትንፋሹን የሚለካ ጭምብል አድርጎ በማሽን ላይ ይሮጣል፤ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እንጨምርበታለን። ሰውነቱ የሚጠቀመው ኦክስጅንም አብሮ ይጨምራል። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ሩጫው ቢበረታም ኦክስጅኑ አልጨምር ይላል። ያ ጣሪያው ነው። በደቂቃ የተጠቀመውን ለክብደቱ አካፍለን ምን ያህል መዝለቅ እንደሚችል እናውቃለን።»

«አየር ሞልቶ የለ እንዴ? መሳብ ነው እንጂ!»

«መሳቡ ብቻ አይበቃም። ሳንባ ይቀበላል፣ ልብ በደም ይልካል፣ ጡንቻ ይጠቀምበታል። አንዱ ከለገመ ሌላው ምን ያደርጋል? እርስዎ ደግሞ አፍዎን ዘግተው ያባብሱበታል።»

«በስተርጅና ልሩጥ ነው የምትዪኝ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ጣሪያው በዕድሜ ይወርዳል፤ ልምምድ ግን ከፍ ያደርገዋል። መጀመሪያ ልብዎን ሐኪም ይየው። ከፈቀደልዎ ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ዳገት ይውጡ፣ ዘገም ይበሉ፣ ደግሞ ይፍጠኑ። ሰው የሚለውን ይተዉት፤ ሳጥኑ ሥር የሚቆመው የልጅዎ ባል ነው።»

ግንቡ ሳጥኑን አየት አድርገው «ነገ ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ?» አሏት።

እኔም እላለሁ፦ ልቡንና ሳንባውን ያሠለጠነ ሰው ደረጃው ይቀለዋል፣ በሥራው ረጅም ዘመን ይቆያል፣ ከብዙ በሽታም ይድናል። ይህ ሁሉ ግን «ደከመኝ» ብሎ ከማመን ይጀምራል፤ ለኩሩ ሰው ከቁም ሳጥን የሚከብደውም እሱ ነው።

ልጁ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ተመለሰ። ሳጥኑን አነሱ። ጥቂት ደረጃ እንደወጡ ግንቡ «አሳርፍ! ትንፋሽ አጠረኝ» አሉ።

ልጁ ጆሮውን ባለማመን ቀና ብሎ አያቸው።

«አያያዝህ አልነበረም» አሉት፣ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ። «የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ቅድምም፣ ያኔ እግርህ የተሰበረ ጊዜም።»