ያልተነገረው ስንብት

በታይዋን ወደ ኪሉንግ ወደብ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ጎረቤቴን፣ የሻይ ነጋዴውን ሎ ቢንሆክን፣ ድንገት አገኘኋቸው። ፊታቸው ደም መስሏል። ከጎናቸው በታይፔ የንግድ ሕግ የተማረችው የወንድማቸው ልጅ ሱዪን ተቀምጣለች።

እንደነገሩኝ፣ ታን ኪምሱዊ የተባለ ወኪል አሥራ ሁለት ዓመት ሻያቸውን ሲሸጥላቸው ኖሯል። ከገዢዎች በስውር እጅ መንሻ እየተቀበለ ዋጋ እንደሚያወርድ ስለደረሱበት ከወር በፊት አሰናበቱት። እሱ ግን ትናንት አርባ ሣጥን ሻይ ጎ ለተባለ ነጋዴ ሸጧል፤ ዛሬ ደግሞ ለስድስት ሰዓት የዓመቱን ቀሪ ምርት በሙሉ ለሌላ ገዢ ሊፈርም ተቀጣጥሯል።

«ለጎ አንዲት ቅጠል አልሰጥም» አሉ ሽማግሌው። «ያባረርኩት ሰው በሸጠው እኔ ምን አገባኝ?»

«አጎቴ፣ መባረሩን ለማን ነገሩ?»

«ለራሱ ነዋ።»

«የውክልናው ደብዳቤስ?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እሱው ጋ ነው። ገበናዬን ገበያ ላውጣው?»

«ታዲያ ጎ በምን ይወቅ? ዘመኑን ሁሉ በእርስዎ ስም ሲሸጥ ያየውን ሰው፣ የእርስዎ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ሲመጣ አመነው። ሻዩን ያስረክቡት፤ ለጉዳትዎ ታንን ይጠይቁ። ወኪል የላከውን ሰው ጥቅም ትቶ ለራሱ ከሠራ ሕግ ይይዘዋል።»

«ሕግሽ ለሌባ ቆሟል።»

«ለሚያምን ሰው ነው የቆመው። ነገ እርስዎም ገዢ ይሆናሉ።»

እኔም፣ በእውነቱ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የእሳቸው ወገን ነበርኩ። ሱዪን ግን ሁለተኛው ገዢ ገና እንዳልፈረመ፣ ስንብቱን አስቀድሞ ከሰማ የታን ቃል አጎቷን እንደማያስር አስረዳች። ባቡሩ እንደቆመ ሦስታችንም በዝናብ ሮጥን።

ወደ ሁለተኛው ገዢ ንግድ ቤት ስንገባ ታን አጠገቡ ቆሞ፣ ገዢው ለመፈረም ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ነበር። ሽማግሌው እያለከለኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ ሰው ወኪሌ መሆኑ ከወር በፊት አብቅቷል» አሉ። ገዢው ብሩሹን አስቀመጠ። ታን ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ።

ሽማግሌው የሱዪንን ምክር ተቀበሉ፤ ጎም አርባውን ሣጥን በውሉ መሠረት ተረከበ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሌላ ዘንድ ሳይሄድ ተመልሶ መጣ። ታንም የሽማግሌውን ጉዳት እንዲክስ ተፈረደበት። ዛሬ የሎ ቢንሆክ አዲሷ ወኪል ሊም ጊዮክላን ምን እንደምትሸጥ፣ ከስንት በታች እንደማትወርድና እስከ መቼ እንደምትሠራ በጽሑፍ ተሰጥቷታል፤ የሠራችውንም ሁሉ በየወሩ ታስታውቃለች። የሥልጣን ጽሑፏ ግልባጭም በየደንበኛው እጅ አለ። ሽማግሌውም አሁን ወኪል ሊሾም የሚያስብ ጎረቤት ሲያገኙ አጠገባቸው ያስቀምጡና፣ «ሥልጣኑን ስትሰጠው ብቻ ሳይሆን ስትነሳውም ለሰው ንገር፤ እኔ አፍሬ ዝም ብዬ የዓመት ምርቴን ላጣ ነበር» ይሉታል።