ግማሽ ጫኑ፦ የአቶ መርዳሳ ጃራ ዜና ሕይወት

ለቅሶ ደራሾች ሆይ፣ ጋቢያችሁን ሰብስባችሁ ጥቂት አድምጡኝ፤ የማነብላችሁ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴን፣ የአቶ መርዳሳ ጃራን የሕይወት ጉዞ ነው።

አቶ መርዳሳ ከአባታቸው ከአቶ ጃራ ሆራ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤቢሴ ቀልቤሳ በ1957 ዓ.ም. ወለንጪቲ አጠገብ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ወደ አዳማ በመምጣት የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ፈትቶ በአዲስ መጠቅለልን ለመዱ፤ በሙያውም እጅግ ከመራቀቃቸው የተነሳ፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው ሳሉ ወንጂ ላይ የታመመ ሞተር ይሰማቸው ነበር፤ የሚጠራጠር ካለ ከቀብር በኋላ ያናግረኝ።

በ1985 ዓ.ም. የወለንጪቲዋ ወይዘሮ አሰፋሽ ዲዳ የወፍጮአቸው ሞተር እየጋለ ቢያስቸግራቸው አስጠሯቸው። የሞተሩ ሰሌዳ 380 ቮልት ይላል፤ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ወፍጮ ሁሉ ሲነሳ ግን የሚደርሰው 340 ብቻ ነበር። አቶ መርዳሳም እንደ ልማዳቸው ሙቀቱን ለመለካት መዳፋቸውን በሞተሩ ላይ አሳርፈው እስከ አስር ቆጠሩና፣ «እህቴ፣ ይህ ሞተር አልታመመም፤ ግማሽ ራት በልቶ ሙሉ ሸክም ተሸክሞ ነው። ቮልቱ ሲወርድ እህሉን ግማሽ ጫኑለት» አሉ። ምክሩ አልቆ መዳፋቸው ግን ስላልተነሳ፣ ወይዘሮ አሰፋሽ፣ «ወንድሜ፣ እጅዎ ተጣበቀ እንዴ?» አሏቸው። በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ ወይዘሮ ሶረቲንም ወለዱ።

ወይዘሮ አሰፋሽ በ2009 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ሰው ሁሉ ሞተሩን በአዲስ እንዲቀይሩ ቢመክራቸውም እምቢ ብለው፣ በየቅዳሜው ከአዳማ ወለንጪቲ እየወረዱ መዳፋቸውን ያሳርፉበት፣ ከአስርም እጅግ አልፈው ይቆጥሩ ነበር፤ እጅዎ ተጣበቀ ወይ የሚላቸው ግን አልነበረም።

ዘንድሮ ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ልጃቸው ከወፍጮ ቤቱ እየደወሉ ስልኩን ወደ ሞተሩ ያስጠጉላቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስም ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ፣ «ቮልቱ ወርዷል ልጄ፣ ግማሽ ጫኚ» አሉ፤ ወይዘሮ ሶረቲ ሲለኩት 342 ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲያ አቶ መርዳሳ አልተናገሩም፤ ትናንት ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ።

አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ዛሬ ጸጥ ያለ አንድ ሞተር ትተዋል። ወይዘሮ ሶረቲ ትናንት መዳፋቸውን አሳርፈውበት ነበር፤ ቀዝቅዟል፤ እሳቸው ግን መቁጠሩን አላቆሙም።

አምላክ ነፍሳቸውን ከወይዘሮ አሰፋሽ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እጅዎ ተጣበቀ ወይ የሚላቸውም አያሳጣቸው። አሜን።