በመዝገብ ያልሞቱት ወንድሞቼ

ሁለት ወንድሞቼን ወባ በአንድ ክረምት ገደላቸው። ያኔ አሶሳ አካባቢ ሰፈራ ጣቢያ ነበርን። እናቴ ራሽኑ እንዳይቀነስብን ሞታቸውን ስለደበቀች፣ በቀበሌው መዝገብ እስከ ዘንድሮ በሕይወት ነበሩ። ሞታቸውን ላስመዘግብ አሶሳ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የሐኪም ማስረጃ ይዘዋል?» አለችኝ መዝጋቢዋ።

«ሐኪም ቢኖር መቼ ይሞቱ ነበር?»

«እንግዲያው በስህተት የተመዘገቡ ናቸው ብለን ስማቸውን እንሰርዘውና ይገላገሉ።»

ደሜ ፈላ። «ወንድሞቼ ስህተት አይደሉም። ተወልደዋል፣ ሞተዋል። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።»

«እናትዎ ዋሽተዋል ልበል?»

«በይ። በእነሱ የራሽን ስንዴ እኔን አሳደገችኝ፤ እሱንም ጨምሪበት።»

መዝጋቢዋ የሁለቱንም ስም ከሟቾች ጋር ጻፈች።

«በሕይወት ያለ የቤተሰብ አባልስ?» አለችኝ።

እናቴም አርፋለች። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።