ወደ ደጋ የወጣው ትኩሳት

አያ ላቀው በርበሬያቸውን ሸጠው ከቡሬ ገበያ ሊወጡ ሲሉ ዝናብ ያዛቸው። ወሩ ጥር ነው። ድሮ በጥር እንዲህ ያለ ዝናብ ጣለ ከተባለ መንደሩ ሰሞኑን ሁሉ ሲያወራው ይከርም ነበር፤ አሁን ግን ሰዉ ስለለመደው ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ እንኳ የለም። እሳቸውም ባዶውን ማዳበሪያ አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለሉ።

በረንዳው ላይ ከባድ ቦርሳ ያዘለች ወጣት ቀድማቸው ቆማ ነበር። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ቦታ ለቀቀችላቸው። አያ ላቀው እንዲህ ያለ አክብሮት ይወዳሉ፤ ከየት እንደመጣች፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። እፀገነት እንደምትባል፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ እንደሆነች፣ ሥራዋም የጤና መኮንን እንደሆነ ነገረቻቸው። አሁን ከቡሬ በላይ ወዳለው ወደ ዝግባ ሚካኤል የሚወጣ ባጃጅ እየጠበቀች ነበር።

«ዝግባ ሚካኤልማ የእኔው አገር ነው» አሉ አያ ላቀው ደስ ብሏቸው። «ምን ሥራ አግኝተሽ ነው የምትወጪው?»

«ትኩሳት በዝቷል ሲሉ ሰምተን ነው። ወባ ይሁን አይሁን ላጣራ ነው፣ አያ።»

አያ ላቀው ሳቁ። ወባ ወደ ብር ሸለቆ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ የሚወርድ ሰው የሚሸከመው በሽታ መሆኑን በትዕግሥት አስረዷት። የእሳቸው አገር ደጋ ነው። አባቶቻቸው የዚህን በሽታ ስም ሳያውቁ ኖረው አልፈዋል፤ እንዲያውም ቆላ ወርዶ የታመመ ሰው ሊያገግም ወደ እነሱ ይወጣ ነበር። ልጅቱ አልተከራከረቻቸውም። ሲጨርሱ ብቻ በቤታቸው የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀች።

የታመመ መኖሩን አልደበቁም። ልጃቸው ምስክር ባሕር ዳር የግንባታ ሥራ ላይ ነው፤ ሚስቱ ያምሮት ደግሞ ከአራስ ቤት ከወጣች ገና ብዙም ሳትቆይ ፀሐይ ላይ ልብስ ስታጥብ ምች መትቷት ተኝታለች። ባለቤታቸው ንግሥቴ ዳማከሴ አሽተውላታል። ሕፃኗም ትስላለች፤ የማይስል ሕፃን ደግሞ የለም።

«ሕፃኗ ስትተነፍስ ደረቷን ልብ ብለው አይተውታል?» አለች እፀገነት።

አያ ላቀው አሰብ አደረጉ። «ከጎድኗ በታች ስርጉድ ስርጉድ ይላል። ከትናንት ወዲህ ጡትም እንቢ ብላለች።»

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። ምንም ሳትናገር ዝናቡ ውስጥ ገብታ ያለፈውን ባጃጅ ሁሉ በእጇ ታስቆም ጀመር። አያ ላቀውን ያስፈራቸው ይህ ዝምታ ነው። አንድ ነገር ብትናገር መልስ ያገኙላት ነበር።

አብረው የተሳፈሩበት ባጃጅ አቀበቱን ሲጀምር አያ ላቀው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ የምታስቢውን ንገሪኝ» አሉ።

«ሳላይ መናገር አይገባኝም። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በልጅነትዎ የኅዳር ማለዳ ሣሩ ምን ይመስል ነበር?»

«ውርጭ ነዋ። ነጭ ሆኖ ነው የሚያድር። ከብት እንኳ ፀሐይ ሳይወጣ አይነካውም።»

«ዛሬስ?»

አያ ላቀው ወደ ውጭ ተመለከቱ። ውርጭ ካዩ ቆይተዋል። ነገሩን ሲያስቡትም በቅሬታ አልነበረም። ከገብስና ከድንች ሌላ አላበቅልም ይል የነበረው መሬታቸው አሁን በቆሎ ያደርሳል፤ በርበሬም ይዞላቸዋል። አባታቸው በርበሬ ሊገዙ ቡሬ ይወርዱ ነበር፤ እሳቸው ሊሸጡ ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ ፈጣሪ በዕድሜያቸው ማብቂያ የሰጣቸው ስጦታ አድርገው ቆጥረውታል። ለበርበሬው ብለውም ከጓሯቸው ኩሬ ቆፍረው ያለ ወሩ የሚጥለውን ዝናብ ያጠራቅማሉ። ይህንኑ በኩራት አወሩላት።

«በርበሬው የወደደውን ሙቀት ቢንቢዋም ወድዳዋለች» አለች እፀገነት በቀስታ። «ድሮ ብርዱን ፈርታ ቆላ ትቀር ነበር። ብትወጣም እንኳ በሆዷ የያዘችው የወባ ተሕዋስ በብርድ አያድግም፤ እሱ ሳይደርስ እሷ ትሞታለች። አሁን ሌሊቱ ስለሞቀ ይደርሳል። ያለ ወሩ የሚጥለው ዝናብ ደግሞ የምትፈለፈልበትን ውኃ ያቁርላታል። አገርዎ ደጋነቱን እየለቀቀ ነው፣ አያ።»

«ሙቀቱንስ ማን አመጣው? እኛ ምን አጠፋን?»

«የሩቅ አገር ፋብሪካና መኪና ያወጣው ጭስ ነው ከሁሉ የሚበዛው። የተጨፈጨፈው ደንም አለበት። ጭሱ ምድርን እንደ ጋቢ ደራርቦ ሸፈናትና ሙቀቷ መውጫ አጣ። የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው። በሽታው ግን ሲገባ ጥፋተኛውን መርጦ አይገባም፤ አቅም የሌለውን ነው የሚመርጠው።»

አያ ላቀው አላመኑም ነበር፤ ነገር ግን ባጃጁ ቀርፋፋ ሆነባቸው። ሾፌሩን ፍጠን እንዳይሉት መንገዱ ጭቃ ነው። አቅም የሌለውን ይመርጣል ስትል የታየቻቸው ሕፃኗ ናት።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ የመኪናው መንገድ አበቃ። እፀገነት ሾፌሩ እንዲጠብቃቸው ለመነችና በእግር ቀጠሉ። ከሩቅ የአያ ላቀው ቤት ጣሪያ በቆርቆሮው ክፍተት ሁሉ ይጨስ ነበር። አምና ቢንቢ ካስቸገራቸው ወዲህ ኩበትና እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጨስ ልማድ ሆኗል፤ ያምሮት ከታመመች ደግሞ ላብ ያወጣላታል ተብሎ ቀን ከሌት ይጨሳል። በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል።

እፀገነት በሩን ስትከፍት ጭሱ እንደ ሰው ገፍቶ ወጣ። ንግሥቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ከምድጃው አጠገብ ብድግ አሉ። ያምሮት መደብ ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች፤ ሕፃኗ ከጎኗ ተጠቅልላ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ታቃስታለች። ከንፈሯ ዙሪያውን ጠቁሯል። አያ ላቀው ማለዳ ሲወጡ ይህን አላዩም፤ ጭሱ መሐል ማን ያያል?

እፀገነት ከያምሮት ጣት ጠብታ ደም ወስዳ በትንሿ መመርመሪያ ላይ አኖረች። ውጤቱ እስኪታይ ድረስም እናትና ልጅ ወደ ውጭ እንዲወጡ አዘዘች። ይህን ጊዜ አያ ላቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ከአራስ ቤት ገና የወጣች በሽተኛ ነፋስ ላይ አትወጣም» አሉ። «ብርድ ከመታት አትድንም። ጭሱን አትናቂው፤ እኔንም ያሳደገኝ ይኸው ጭስ ነው።»

«እርስዎን አሳድጎዎታል፣ አያ» አለች እፀገነት። ድምጿ አልከረረም፤ ዓይኗ ግን ከሕፃኗ አልተነሣም። «ከእናትዎ ልጆች ስንቶቻችሁ ናችሁ ያደጋችሁት?»

አያ ላቀው በልባቸው ቆጠሩ። ያደጉት እሳቸውና አንዲት እህታቸው ናቸው። የቀሩትን ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን ስማቸውን እንኳ አያስታውሱም። እናታቸው ስለ እነሱ ስትጠየቅ ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ ሳል ወሰዳቸው። ከዚያች ቀን በፊት ያን ሳል ከቤታቸው ጭስ ጋር አያይዘውት አያውቁም። የሁሉም ሞት በጭስ ይሁን አይሁን ዛሬ ማንም አያውቅም፤ ጥያቄው ግን የሽማግሌውን ዓይን ወደ ሕፃኗ መለሰው።

«አባባ» አለች ያምሮት ከመደቡ ላይ፣ ድምጿ የሰለለ። «እኔን ተዉኝ። ልጄን ወደ አየር አውጡልኝ።»

አያ ላቀው ከበሩ ዘወር አሉ። ሕፃኗንም ራሳቸው አንሥተው ወጡ።

ደጅ በብርሃን ሲታይ መመርመሪያው ላይ ሁለት ቀይ መስመር ወጥቶ ነበር። «ወባ ነው» አለች እፀገነት። «እናቲቱ ወባ፣ ልጅቱ ደግሞ የሳንባ ምች ይዟታል። ለእናቲቱ መድኃኒት ይዤአለሁ፣ አሁኑኑ እሰጣታለሁ። ለልጅቱ የሚያስፈልጋት ኦክስጅን ግን እዚህ የለም። ፍኖተ ሰላም መድረስ አለብን።»

ንግሥቴ የጠሯቸው ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ያምሮትን ተሸክመው ባጃጁ ጋ ሲያደርሱ ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ጭቃው ግን ጎማውን ያዘው። አያ ላቀው ሕፃኗን ለእፀገነት ሰጥተው ከሾፌሩ ጋር ከኋላ ገፉ። ሲገፉ ጆሯቸው ውስጥ የነበረው የሕፃኗ ማቃሰት ብቻ ነው። መንገዱ መካከል ላይ ማቃሰቱ ጠፋ። ቀና ብለው ለማየት ድፍረት አጡ፤ ብታያት ትሞታለች ያላቸው ያለ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው መግፋት ቀጠሉ። ባጃጁ ሲላቀቅ እፀገነት «ግቡ፣ ልጅቱ አለች» አለቻቸው። ያቺ አንዲት ቃል በሕይወታቸው ከሰሙት ሁሉ በለጠችባቸው።

ከቡሬ አምቡላንስ ተገኝቶ ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሕፃኗ አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ ገጠሙላት። አያ ላቀው አልጋው ሥር ተቀምጠው የደረቷን መነሣትና መውደቅ ሲቆጣጠሩ እፀገነት ሥራዋን ጨርሳ መጣች። ብዙ ተጨዋወቱ። ሽማግሌው አሁን የሚጠይቁት ለመርታት አልነበረም። ኩበት ካልጨሰ ቢንቢዋ ምን ትሁን አሉ። ቢንቢን የሚከለክለው አጎበር እንደሆነ፣ ጭስ ግን ከቢንቢዋ ይልቅ የሰውን ሳንባ እንደሚጎዳ ነገረቻቸው። ምግብ ሳይበስል ሊታደር ነው ወይ አሉ። ማድ ቤቱን ከመኝታው ለይቶ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በጭቃ መሥራት እንደሚቻል፣ እንጨትም እንደሚቆጥብ አስረዳቻቸው። አጎበር ለመንደሩ መታደሉን፣ አንዳንዱ ግን የሣር ክምር መሸፈኛ እንዳደረገው ተናገሩና አንገታቸውን ደፉ፤ ከእነዚያ አንዱ እሳቸው ናቸው።

«ዓለምን ያሞቀውን ጭስ እኔ ላጠፋው አልችልም» አሉ በመጨረሻ።

«አይችሉም። ቤትዎ ውስጥ ያለውን ግን ያጠፉታል። ዛፍ ይተክላሉ፣ ያቆረ ውኃ ያፈሳሉ። ትኩሳት ሲመጣም ምች ነው ብለው ሳይቆዩ ያስመረምራሉ። ይህ ሁሉ በእጅዎ ነው።»

በማግሥቱ የያምሮት ትኩሳት በረደ፣ ሕፃኗም ጡት ያዘች። አያ ላቀው ግን አገራቸው ሲመለሱ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ወደ ጓሯቸው ሄዱ። ኩሬው አጠገብ ተንበርክከው ውኃውን በቆርቆሮ ጣሳ ጨልፈው ወደ ብርሃን አቀረቡት። እንደ ክር የቀጠኑ የቢንቢ ትሎች ወደ ላይ ወደ ታች እየተወራጩ ነበር። ከዚህ በፊት በየቀኑ በዚህ ውኃ በርበሬ አጠጥተዋል። ያንን ለበረከት የቆፈሩትን ጉድጓድ በዓይናቸው እያዩ ጣሳውን ከደረቅ አፈር ላይ ደፉት።

በቀጣዩ እሑድ የሰንበቴ ማኅበርተኛው ጠበሉን ቀምሶ ሲቀመጥ አያ ላቀው ተነሥተው ተናገሩ። ጎረቤታቸው ክንፈሚካኤል፣ አያ ላቀው ራሳቸው ትናንት ይናገሩት የነበረውን ቃል መልሰው ሰጧቸው፤ ደጋ ወባ የለም፣ ልጅም በጭስ አይሞትም።

«እኔም እንዲሁ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አሉ አያ ላቀው። «ትንሽ ብቆይ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምታለቅሱልኝ። ደጋ ያልነው ደጋ አይደለም። ሙቀቱ ወጥቶ መጥቶብናል፤ እሱን ተከትሎ የሚወጣውን ሌላውን በሽታ አላውቀውም። ፈርቻለሁ። እናንተም እንድትፈሩ ነው የምለምናችሁ። የፈራ ሰው ቢያንስ ቤቱን ያያል።»

ክንፈሚካኤል ሰንበት ነው ሳይሉ ዶማቸውን ሊያመጡ ተነሡ። የአያ ላቀው ኩሬ በዚያው ቀን ተደፈነ። በርበሬው በዓመቱ እንደ ቀድሞው አልሰጠም። ነገር ግን ክረምቱ ወጥቶ በታችኛው መንደር ትኩሳት ሲጀምር ዝግባ ሚካኤል ውስጥ የታመሙት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም ያተኮሳቸው ዕለት ተመርምረው መድኃኒታቸውን ስለወሰዱ በቃሬዛ የወረደ አልነበረም። ማድ ቤቶቹ ከመኝታው ተለዩ። አንድ ሸክም እንጨት ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ ማብሰል ጀመረ፤ ሴቶቹ ለለቀማ የሚያጠፉት ጊዜ ቀነሰ፤ ለዓመታት ሲያለቅስ የኖረው የንግሥቴ ዓይን ደረቀ። ሳል የለመደው የሕፃናት ጉሮሮም ሳቅ ለመደ።

አንድ ምሽት ንግሥቴ ባለቤታቸው የአጎበሩን ጠርዝ ፍራሽ ሥር ሲወትፉ፣ ከዚያም ቀዳዳ ፍለጋ በጣታቸው ሲዳብሱ አዩአቸው። ያ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቀዎትም ወይ ብለው ጠየቋቸው።

«አልለቀቀኝም» አሉ አያ ላቀው፣ መዳበሳቸውን ሳያቆሙ። «አይልቀቀኝ። የለቀቀኝ ዕለት ይህን እረሳለሁ።»